የእናቴን ስም የሚገምተው ድምፅ

ይህ ነገር በራሴ ላይ ደርሷል። ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ...

ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ፤ አልከራከራችሁም። እኔም ሌላ ሰው ጽፎት ባነበው አላምንም ነበር።

ቀኑ አርብ ነው፣ አስር ሰዓት ሊሞላ ሲል። ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ። ብርድ ነበር፤ ዝናቡም ገና ማባራቱ ነው።

ዮቤል እባላለሁ። ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። እናቴ አባይነሽ የእንግዳ ማረፊያውን እያጸዳች ግቢው ውስጥ ትኖራለች። ለነዋሪዎቹ መልእክት የሚለዋወጡበት ትንሽ ድረ ገጽ በነፃ ሠርቼላቸው ነበር። ለጽድቅ ብዬ...

የይለፍ ቃል ምረጡ ስላቸው ሁሉም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። የክርስትና ስማቸውን።

«ኧረ ጋሽ አካሉ፣ ይሄ እኮ ይገመታል» አልኳቸው የግቢውን ዘበኛ።

«ልጄ፣ የክርስትና ስሜን ከነፍስ አባቴ በቀር ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። «ክፉ እጅ ከገባ ይመተትብኛል ብዬ ለሰው አውርቼው አላውቅም። ከዚህ የበለጠ ምስጢር ከየት አምጣ ትለኛለህ?»

እናቴም እንደሳቸው ናት። ለእኔ ለልጇ እንኳ ስሟን ነግራኝ አታውቅም። ስትጽፈው ፊቴን ወደ ግድግዳ አስዙራኛለች።

ብዙም አልተጨነቅሁም። ገጹ ስሙን አያስቀምጠውም፤ ይፈጨዋል። ሃሽ ይባላል። ወፍጮ ገብቶ ዱቄት የሆነ እህል ተመልሶ እህል እንደማይሆን ማለት ነው። ከመፍጨቱ በፊት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ፣ እንዲሁ በዘፈቀደ የመጣ ፊደልና ቁጥር ይደባለቅበታል። እኛ ጨው እንለዋለን። ሁለት ሰዎች «ወለተ ማርያም» ብለው ቢጽፉ እንኳ የሚቀመጠው ዱቄት አይመሳሰልም።

ሥራዬን በደንብ ነው የሠራሁት። ይህን እወቁልኝ።

ያን አርብ በሩ ላይ ከጋሽ አካሉ ጋር ቆሜ ሳወራ ስልኬ ጮኸ። ገጹ ነው።

«አካሉ ገብተዋል» ይላል።

ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ናቸው። ሁለቱም እጃቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነው።

«ጋሽ አካሉ፣ ስልክዎ የት ነው?»

«ክፍሌ።»

«ማን አለ እዚያ?»

«ማን ይኖራል? ብቻዬን አይደለሁ እንዴ...»

ያኔ ከክፍላቸው ሳል ተሰማ። ያ ደረቅ ሳል... የራሳቸው የጋሽ አካሉ ሳል።

ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ... የክርስትና ስሜ ማን ነበር?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ጠፋብኝ» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን፣ አሁን እዚህ ነበረ...»

ለኤራን ደወልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቂርያት መናሔም ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከዕብራይስጥ የሚቀላቅል ልጅ። ሰንበት ሳይገባ ቤቱ ለመድረስ አውቶቡስ ላይ ነበር። እዚያው ሆኖ ገጹን ከፍቶ አየው።

«ረጋ... ረጋ፣ አሂ፣ ወንድሜ» አለኝ። «ዱቄቱ የተቀመጠበትን ሰንጠረዥ የሆነ ሰው ቀድቶታል። አሁን እየገመተ ነው። ስም ይፈጫል፣ ያመሳስላል። ሌላ ይፈጫል፣ ያመሳስላል።»

«ጨው አለው እኮ!»

«ጨው በአንድ ግምት ሁሉንም እንዳይከፍት ነው የሚጠብቅህ። አንድ አንድ እያለ ግን ይመጣል። በር በር እያለ።»

ስልኬ እንደገና ጮኸ። «እማሆይ ሕብረት ገብተዋል።»

እማሆይ ሕብረት የሚኖሩት ከጋሽ አካሉ ቀጥሎ ነው። ገጹ ላይ ግን የተመዘገቡት ከሁሉም መጨረሻ ነበር። የሚመጣው በምዝገባው ተራ አይደለም... በክፍሎቹ ነው።

«ከእማሆይ ቀጥሎ ያለው ክፍል የእናቴ ነው!» አልኩት።

«ሲስማዋን ቀይረው!» ጮኸ ኤራን። የይለፍ ቃል ማለቱ ነው።

«ሲስማውን ልቀይረው። ስሟንስ እንዴት አድርጌ ልቀይር?»

መስመሩ ተቋረጠ።

እናቴን ከነጭራሹ ከገጹ አጠፋኋት። «ተሰርዟል» አለኝ። እፎይ አልኩ።

የሰንበት መግቢያው ሳይረን በከተማው ላይ ጮኸ። ሲያበቃ ግቢው እረጭ አለ... ያኔ ከእናቴ ክፍል ሹክሹክታ ሰማሁ።

ሮጥኩ። የእናቴ በር ከውስጥ ተቆልፏል።

«ወለተ ሚካኤል...»

«አይደለም» አለች እናቴ። እንቅልፍ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

«ወለተ ሥላሴ...»

«አይደለም።»

«ወለተ ጊዮርጊስ...»

«አይደለም።»

«እማዬ! አትመልሺለት!»

በሩን በትከሻዬ መታሁት። ድምፁ አልቸኮለም። በጣም ዝቅ አድርጎ አንድ ስም አለ።

እናቴ «አይደለም» አላለችም...

በሩ ተከፈተ። ብቻዋን ቆማለች።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«የክርስትና ስምሽን... ታስታውሽዋለሽ?»

«እንዴታ!» አለች ፈገግ ብላ።

አቅፌያት አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ አካሉ በሩ ላይ ሰላም አሉኝ። ስሙ ትዝ ብሏቸዋል፤ ፊታቸው በርቷል። ከክፍላቸው ግን ሳል ይሰማ ነበር። እንዳልሰማሁ ሆኜ አለፍኩ።

እናቴ ልትቆርብ ቀረበች። ካህኑ ስሟን ጠየቋት። ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነበር የምትነግራቸው። ያን ቀን ግን በወንዶች በኩል ለቆምኩት ለእኔ እስኪሰማኝ ድረስ ጮክ ብላ ተናገረችው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ እንደ ቆራቢ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ደጁ ላይ ጫማዋን አደረገች። ሰውም ጫማውን እያነሳ ሄደ።

ግድግዳው ሥር አንድ ጫማ ቀረ።

ተረከዙን እኔ ራሴ ያሰፋሁት የእናቴ ጫማ...

አጠገቤ የቆመችውን እግር እግሯን አየሁ። ያው ጫማ ነው። ተረከዙ ላይ ያው ስፌት።

ከባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደካማ ድምፅ ጠራኝ።

«ዮቤል... ጫማዬን አቀብለኝ፣ ልጄ...»

አጠገቤ ያለችው ክንዴን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው።

«አትመልስላት» አለችኝ፣ በነጠላዋ ውስጥ።