ሰባቱ የተዘጉ ፋይሎች

ኢንስፔክተር ሸዋአየሁ ካዛንቺስ ወደሚገኘው ክሊኒክ ስትደርስ የአቶ ገብረጻድቃን አስከሬን ገና ከአልጋው አልተነሣም። ጎረቤቶቻቸው ራሳቸውን እንደሳቱ ከቂርቆስ ያመጧቸው አዛውንት፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ፔኒሲሊን ተወጉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሻቸው ቆመ። መድኃኒቱ እንደማይስማማቸው የክሊኒኩ ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ፋይላቸው ላይ ተጽፏል። ፋይሉ ግን ተቆልፎ ነበር።

ከሞቱ በኋላ የደረሰችው ልጃቸው ሉሊ እግራቸው ሥር ተቀምጣለች።

«ማን ወጋቸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ» አለች ነርሷ ራቢያ፣ ዓይኗ አብጦ። «ፋይሉ እምቢ አለኝ። የኮምፒውተር ክፍል ሦስቴ ደወልኩ፤ የሚያነሣ የለም። ትኩሳታቸው ሲብስ መጠበቅ ፈራሁ።»

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር አብርሃ መርፌውን ማዘዛቸውን አልካዱም። «ፋይሎቻችንን ከኮምፒውተር ሰርጎ ገብ የሚጠብቅልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሲጠረጥር ይዘጋል። ማሽን ይከሰሳል እንዴ?»

የኮምፒውተር ባለሙያው ሃይለአብም ይህንኑ አለ። «ማለቴ፣ ሲስተሙ ራሱ ነው ሎክ ያደረገው። እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር፤ እስካሁን ኮምፒውተሬን አልከፈትኩም። በቃ፣ ሰባቱም ፋይል ባንዴ ተዘጋ።»

ሸዋአየሁ የሲስተሙን መዝገብ አስከፍታ መስመር በመስመር አነበበች። ከዚያ ሁሉንም አስከሬኑ ካለበት ክፍል ፊት ለፊት ሰበሰበቻቸው።

«ማሽኑ ብቻውን አይዘጋም» አለች። «‹ልዝጋ?› ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ‹አዎ› ይላል። ዛሬም አንድ ሰው ‹አዎ› ብሏል፤ ስሙ ግን ተሰርዟል። ራቢያም ዶክተሩም የሚያውቁት የአንድ ሰው ፋይል መዘጋቱን ነው። ሰባት መሆናቸው የሚታየው ፈቃድ በሚጠየቅበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ሃይለአብ፣ ኮምፒውተርህን ሳትከፍት ሰባት መሆናቸውን ከየት አወቅህ?»

ሃይለአብ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ማሽኑ ሰርጎ ገብ ነው ብሎ የጠረጠረው የድንገተኛ ክፍሉን አዲስ ኮምፒውተር ነው። ትናንት የገጠምከው አንተ ነህ። ጥያቄውን ብታነበው ኖሮ ሰርጎ ገብ አለመሆኑን ታውቅ ነበር።»

«አላነበብኩትም» አለ ሃይለአብ። «ስምንት ወር ሙሉ ተሳስቶ አያውቅም። በጠየቀኝ ቁጥር ‹አዎ› እላለሁ። ዛሬም ‹አዎ› ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሰውዬው ሞተዋል… ፈርቼ ስሜን አጠፋሁ።»

ራቢያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዶክተሩ አቀረቀሩ።

ሉሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ለማንበብ ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?»

«ደቂቃ… ደቂቃ አይሞላም።»

አስከሬኑን የሚወስዱት ሰዎች ደርሰው ነበርና ሉሊ ገብታ የአባቷን ጫማ ከአልጋው ሥር አንሥታ ተከተለቻቸው።