ሲነበብ የሚቀንሰው ሳጥን

የዚህ ቻናል ዝምተኛ አድማጭ ነኝ። የሰውን ታሪክ ሰምቼ አማትቤ እተኛለሁ እንጂ የራሴን እናገራለሁ ብዬ አላውቅም። ይሄን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት። ፈጣሪ ያውቃል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተንጋላለች። ቢሮ ውስጥ እኔና የእህቴ ልጅ ብቻ ነን።

ሥራዬ የሌለ ዕቃ መንደፍ ነው። ኮምፒውተሩ "ተሰክቶልኛል" ብሎ የሚያምነው፣ ግን በእጅ የማይዳሰስ፣ በሶፍትዌር ብቻ ያለ ካርድ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከየመጽሐፉ ለቃቅሜ ነው ያወቅኩት። ካርዱ ቁጥር የሚያስቀምጥባቸውን ቦታዎች ሳጥን እንላቸዋለን፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ በሠንጠረዥ አወጣለሁ። ትርፍ ሳጥን ዜሮ ተጽፎበት ይዘጋል። ደንብ ነው። እጃችን ሳናስበው ያደርገዋል።

ልጅቷ ሠንጠረዤን እየፈተነች ሳቀች።

"አጎቴ፣ አረጀህ እንዴ? አንድ ሳጥን መዝጋት ረስተሃል።"

"ምላስሽ ይቆረጥ! ምን ይላል?"

"ሠላሳ ሁለት።"

እኔ ምንም አልጻፍኩበትም...

"ቆይ... አሁን ሠላሳ አንድ አለ። ሳነበው ይቀንሳል።"

አልደነገጥኩም። ሲነበብ የሚቀንስ ሳጥን በሙያችን ያለ ነገር ነው።

ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

"አጎቴ..."

መዳፏ ላይ ተፋችው።

ጥርስ።

ደም የለውም። ከነሥሩ ነው የወጣው። ሥሩ ላይ ግራጫ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ተንጠልጥሏል። ሽታው ቀናት የከረመ የሥጋ እጣቢ ነው።

ሳጥኑ ሠላሳ አለ።

ቀጭ... አፏ ውስጥ ሰማሁት።

"አቁሚው!" አልኩ በሹክሹክታ። ማን እንዳይሰማኝ እንደሆነ እንጃ።

"አልነካሁትም እኮ! ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያነበው!"

ሃያ ዘጠኝ።

ሌላው ጥርስ ከከንፈሯ ሾልኮ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ። ፕሮግራሙን ልዘጋው ብል እንቢ አለ። ገመዱን ነቀልኩ፤ ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። ቁልፎቹ በለሃጯ ተለውሰው ከጣቴ ሥር ይሙለጨለጫሉ። ይሞቃሉ...

"አጎቴ፣ በእናቴ ሞት፣ አንድ ነገር አድርግ!"

እናቷ ታላቅ እህቴ ናት። "የዓይኔን ብሌን ነው የሰጠሁህ፣ አደራ" ብላ ነው እኔ ጋ ያስቀጠረቻት።

"አቤቱ ማረን" አልኩ። እጄም የለመደውን አደረገ።

ሳጥኑን ልዝጋ ብዬ... ዜሮ ጻፍኩበት።

የገባኝ ጣቴን ሳነሳ ነው።

ሽምብራ ሲሚንቶ ላይ ሲፈስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር።

ልጅቷ በሕይወት አለች፤ ተመስገን። ሐኪሙ ድዷን አይቶ "ቁስል የለውም፣ የአራስ ልጅ ድድ ነው የሚመስለው" አለ። እህቴ እስከ ዛሬ ፊቷን አላሳየችኝም። አልፈርድባትም።

ያን ዕለት ግን፣ ልጅቷን ከጎረቤት ቢሮ የመጡ ሰዎች ደግፈው ከወሰዷት በኋላ፣ ጥርሶቿን ልለቅም ተንበረከክሁ።

ወለሉ ላይ አንድም የለም።

ቀና ስል የላፕቶፑ ጎን ረጥቧል። ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ...

ጠጋ ብዬ አየሁት።

ውስጡ ሮዝ ነው። ለስላሳ። ከመሃሉ አንዲት ነጭ ጫፍ ብቅ ብላለች።

እያየሁት... ቀዳዳው ምራቁን ዋጠ።