በአርጎን ውስጥ የዳኸው ሰው

ሟቹ በሆዱ ተኝቷል። ወደ ላይኛው መተላለፊያ የሚያወጣው የብረት መሰላል ከእግሩ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ኢንስፔክተር ኒቬስ ታዴዪ ተንበረከከች፤ መዳፎቹን ገልብጣ አየች፤ ከዚያም ጉልበቶቹን። ሱሪው በሁለቱም ጉልበት ላይ ተፍቆ የሲሚንቶ አቧራ ይዟል። ወለሉ ላይ የተጎተተው መስመር ከአዳራሹ ማዶ ይጀምርና መሰላሉን ታክኮ ያልፋል።

ከራሷ በላይ የአብሩዞ ተራራ ሙሉ ክብደቱን ጥሏል። በምድር ውስጡ ላቦራቶሪ ግራና ቀኝ ቤት የሚያክሉ ሁለት ታንኮች ቆመዋል፤ አለትን ሰንጥቀው የሚያልፉ የጠፈር ቅንጣቶችን የሚጠብቁ። በአሮጌው ሂሊየም አለ፤ በአዲሱ አርጎን።

«ሁለቱም ሽታ የላቸውም፤ ቀለምም የላቸውም፤ ትንፋሽ ግን ያሳጣሉ» አላት የእሳት አደጋ አለቃው። «ሂሊየም ቀላል ነው፤ ጣሪያ ሥር ይከማቻል። ሲያመልጥ ጎንበስ ብለሽ ትድሂያለሽ። አርጎን ከባድ ነው፤ ወለል ላይ ይተኛል። ያኔ መሰላል ላይ ትወጫለሽ።»

«ዛሬ ያመለጠው?»

«አርጎን።»

ሟቹ ዶክተር ሲልቫኖ ዘኪ ነው። የአርጎኑ ታንክ ማፍሰሻ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ተገኝቷል። ቫልቮቹን የሚዘጋና የሚከፍት ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሊቪዮ ነው። ከዋሻው አፍ እስከ ምግብ አዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ነገሩን ጨርሶታል፤ ሊቪዮ ረስቶታል።

ሊቪዮን ያልነካው ሾርባ ፊት ተቀምጦ አገኘችው።

«ዘግተውታል?»

«አላስታውስም።»

«እስቲ ይሞክሩ።»

«በየቀኑ እዘጋዋለሁ። የሚዘጋው እጄ ነው። የዛሬውን ከትናንቱ መለየት አልችልም።» የአየር ጠባይ እንደሚያነብ ሰው ነበር የሚናገረው። «ከዚያ መኪና ተሳፈርኩ። ሲደወልልኝ መንገድ ላይ ነበርኩ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ ክፍት የተውከው አንተ ከሆንክ የወንድምህን ሣጥን እንዳትሸከም። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ምን ልበላት?»

ኒቬስ የማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «የአደጋ ደወሉ ሲጮህ አዳራሹ ውስጥ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«የትኛው ጋዝ?» አለ ሊቪዮ።

የፈረቃው ኃላፊ ብሩና ኮርቪ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቷ ታሽከረክራለች።

«ፊዚክስ ወድቄያለሁ» አለቻት ኒቬስ፤ «እንደ ደደብ ያስረዱኝ።»

«ግድ የለም፤ እዚህ ቤት ያስቸገረን የብልጥ ብዛት ነው።»

«ደወሉ ሲጮህስ?»

«መሰላል ነዋ! ሌላ ምን አለ? እኔ የመጣሁት ከአርጎኑ ጋር ነው። ሂሊየሙን የማውቀው በሽማግሌዎቹ ወሬ ነው።»

«በዚያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«መቆጣጠሪያው ክፍል፤ ከእሳት አደጋ ጋር ስልክ ላይ፣ አንዱን ጆሮዬን ደፍኜ። ወደ አዳራሹ የሚያናግረው ማይክሮፎን ፕሮፌሰር ሳልቫኚ እጅ ነበር። አየሩ ሲጠራ ጭምብል አድርገው ብቻቸውን ገቡ፤ እኔ በሩን ያዝኩ። ሞቷል ብለው ወጡ።»

ፕሮፌሰር ኤርሜቴ ሳልቫኚ ላቦራቶሪውን ከተመሠረተ ጀምሮ መርተዋል። ወንበር ሳቡላት።

«ሲልቫኖ እንደ ልጄ ነበር።»

«በማይክሮፎኑ ምን አሉት?»

«እንዲወጣ።»

«እርስዎ አዳራሹ ውስጥ ሳሉ ደወሉ ቢጮህስ?»

«ወደ መሬት!» ከአፋቸው በፊት መዳፋቸው ጠረጴዛውን ተጫነ። «ዕድሜያችንን ከሂሊየም ጋር ነው የጨረስነው።» መዳፋቸውን ከጠረጴዛው አነሡ። «ለአርጎን በእርግጥ ሌላ ነው።»

«በእርግጥ» አለች ኒቬስ።

ዓርብ ዕለት ሦስቱንም መቆጣጠሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሊቪዮ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠ።

«የአርጎኑን ደንብ ለሌሎች ያስተማረው ሲልቫኖ ነው» ብላ ጀመረች። «ግን ዳኸ። መሰላሉን አጠገቡ እያለ አልፎት ሄደ። ያመለጠው ሂሊየም መስሎታል ማለት ነው። የትኛው ጋዝ እንዳመለጠ የሚያሳየው ይህ ሰሌዳ ነው፤ እታች ላለ ሰው ያለው ጆሮው ብቻ ነው። አንድ ሰው ‹ተሳብ› ብሎታል።»

«ማን?» አለች ብሩና።

«ሊቪዮ መኪና ውስጥ ነበር። እርስዎን የእሳት አደጋው ሰው ሳያቋርጥ ሲያነጋግር ነበር። ደግሞም ሲደነግጡ አፍዎ ላይ የሚመጣው መሰላል ነው።»

ማንም ወደ ፕሮፌሰሩ አልዞረም።

«ደወሉ ጮኸ፤ አፌ ቀደመኝ» አሉ። «ስህተት ነው።»

«አምንዎታለሁ። ቫልቩ ግን ስህተት አይደለም።» እሳት አደጋዎቹ እንደገቡ ያነሡትን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ቧንቧው ወፍራም በረዶ ለብሷል። ቫልቩ ክፍት ነው፤ መዘውሩ ግን ደረቅ። ያ ቀዝቃዛ ፈሳሽ በቫልቩ አልፎ ቢሆን መዘውሩም በረዶ በለበሰ ነበር። ስለዚህ አርጎኑ ሲያመልጥ ቫልቩ ዝግ ነበር። የተከፈተው ቧንቧው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ከቫልቩ ወዲያ፣ በታንኩ በኩል፣ የተሰነጠቀ ብየዳ አገኘን። ብየዳው ሳይፈተሽ ታንኩ ይሞላ ያሉት እርስዎ ነዎት። ከእሳት አደጋዎቹ በፊት ብቻዎን የገቡትም እርስዎ። ክፍት ቫልቭ ያየ ሰው ሌላ ቀዳዳ አይፈልግም፤ በማይክሮፎን ምን ተባለ ብሎም አይጠይቅም።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሲልቫኖ ሞቶ ነበር። ለእርሱ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሙከራው ግን በሕይወት ነበር።»

«ሊቪዮም በሕይወት ነበር፣ ፕሮፌሰር» አለች ብሩና።

ከጥጉ ሊቪዮ ተናገረ። «ማይክሮፎኑ መልስ ያሰማል። መለሰልዎት?»

«መለሰልኝ።»

«ምን አለ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ጠርገውም አላደረጉትም።

«‹እሺ፣ ፕሮፌሰር› አለኝ።»

ሊቪዮ የአውቶቡስ ሰዓት እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ዘግቼው ነበር።»

ኒቬስ ፊቱ እስኪለወጥ ጠበቀች፤ አልተለወጠም። ከስልኩ ውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ አንድ አጭር ነገር ጠየቀ።

«አለኝ፣ እማዬ» አለ ሊቪዮ። «ለቅዳሜ ጥቁር ጫማ አለኝ።»