ሐዲዱን ነው ወይስ እኔን?

በዚያ የኅዳር ማለዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ፣ ሎሬል ፕሪቸት የንግድ ትርኢቱ መግቢያ ሰልፍ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ስትገላመጥ ያያት ሰው አንዳች ነገር የሰረቀች ይመስለው ነበር። አልሰረቀችም። የጻፈችው አንዲት መስመር ውሸት ነበረች። ከአባቷና ከእሷ ስም በታች «ኮርቢን ሄል፣ የጥገና ሠራተኛ» ብላ ቅጹን ሞልታለች። ኮርቢን የጥገና ሠራተኛ መሆኑስ እውነት ነው፤ የሚጠግነው ግን የፒትስበርግን ሊፍቶች ነው እንጂ የአባቷን የመጫወቻ ፓርክ አይደለም።

ትርኢቱ የመጫወቻ ፓርክ መሣሪያ የሚሠሩና የሚገዙ ሰዎች ብቻ የሚገቡበት ነው። ሽቅብ ቁልቁል በሚምዘገዘገው የመጫወቻ ባቡር፣ በሮለር ኮስተር ፍቅር የተለከፉት በሩ አይከፈትላቸውም። እነሱ ግን ተስፋ መቁረጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። አንዱ የሌለ ድርጅት ፈጥሮ ካርድ ያሳትማል፤ ሌላው አጎቴ ፓርክ አለው ብሎ ይምላል፤ የቀሩት ውጭ ቆመው በመስታወቱ ያጮልቃሉ። ኮርቢን ዘጠኝ ዓመት አጮልቋል።

«ማነው ይሄ ደግሞ?» አለ አባቷ ዱዌን፣ ሦስተኛውን የመግቢያ ባጅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

«አባዬ፣ ቀስ በል። ሰው ይሰማናል።»

«ይስማ! ይሄ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ባቡሬ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ የሚሳፈረው ልጅ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«አብደሻል? ዛሬ ወይዘሮ ኦስትራንደርን እንደምናገኝ ረሳሽው?»

አልረሳችም። የእንጨት ሮለር ኮስተራቸውን የሠሩት ቅድመ አያቷ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የፔንሲልቫኒያ ሕፃን ሁሉ ተሳፍሮበት ጮኋል። አሁን ግን ፉርጎዎቹ አርጅተዋል። የመንግሥት የደህንነት መርማሪ ከመጪው በጋ ጀምሮ እንዳይንቀሳቀሱ አግዷል። ለዚያ ጠባብ ሐዲድ የሚሆን ባቡር ያላቸው ወይዘሮ ኦስትራንደር ብቻ ናቸው፤ ያላቸውም አንድ ነው፤ ባቡሩን የሚፈልጉት ደግሞ ሦስት ፓርኮች ናቸው። አሮጊቷ የሚሰጡት ላመኑት ሰው ነው።

«ስሚኝ ልጄ» አለ ዱዌን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ልጅ የሚወደው ሐዲዱን ነው። አንቺ የባለ ሐዲዱ ልጅ ነሽ፤ ሌላ ምንም አይደለሽም።»

ሐዲዱን ነው ወይስ እኔን? ሎሬል ይህንኑ ጥያቄ ራሷን ስትጠይቅ አራት ወር ሆኗታል። ፀጉሯን አሳጥራ ስትቆረጥ ኮርቢን ሳምንት ሙሉ አላስተዋለም፤ ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ አንዲት ብሎን ስትላላ ግን በድምፁ ብቻ አወቀ። ሌላ ቀን ደግሞ የመሳፈሪያው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ኮምጣጤ የተረጨበት የድንች ጥብስ እየበሉ፣ ዝም ብሎ ዓይን ዓይኗን ሲያያት ቆይቶ ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር። ታዲያ የቱን ትመን?

ባጁን ከአባቷ እጅ ወስዳ በሩ ላይ ለኮርቢን ሰጠችው፤ እሱም ወዲያው አንገቱ ላይ አጠለቀው።

«ሎሬል፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ?»

«አፍህን ዘግተህ ጠጋኝ ምሰል። ሰው ካናገረህ ‹በሰዓት ስንት ሰው ይጭናል?› በል። ገዢ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። ሆድ ያንሳፍፋል ወይ ብለህ ብትጠይቅ አለቀልን።»

«በሰዓት ስንት ሰው ይጭናል» አለ ኮርቢን፣ እንደ ተማሪ።

እስከ ምሳ ድረስ ጥሩ ሠራ። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለውን ሐዲድ፣ ጎማውን፣ ወንበሩን እያየ ምራቁን ይውጣል እንጂ ትንፍሽ አላለም። ሎሬል ከጎኑ እየሄደች ፊቱን ሰርቃ ታያለች፤ ደስታው ደስ ይላታል፣ ደስታው ያስፈራታልም። እኔን አይቶ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኦስትራንደር ዘንድ ደረሱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ባቡሩ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆሟል። የዱዌንን እጅ ጨበጡና ወደ ኮርቢን ዞሩ።

«የጥገና ሠራተኛው አንተ ነህ? እስቲ ተቀመጥና የጭን መያዣውን ብረት እየው።»

ኮርቢን ተቀመጠ። አሮጊቷ ብረቱን ራሳቸው ጭኑ ላይ አወረዱለት። ይሄኔ ነው ጉዱ የመጣው። የሮለር ኮስተር አፍቃሪዎች ብረቱ ሲወርድ ተረከዛቸውን በስውር ያነሳሉ፤ ጭናቸው ከፍ ይልና ብረቱ ሳይጠብቅ ይቆለፋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ከወንበር ብድግ የሚሉባት ክፍተት ያገኛሉ። ፓርክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህችን ተንኮል አይቶ ይቆጣል እንጂ አያደርጋትም። ባቡሩ ምንጣፍ ላይ ነው፤ የትም አይሄድም። የኮርቢን ተረከዝ ግን ተነሳ።

ወይዘሮ ኦስትራንደር ጫማውን አዩ።

«ስንት ሮለር ኮስተር ላይ ተሳፍረሃል?» አሉት በለሆሳስ።

እንዲህ ያለ ሰው ስሙን ቢዋሽ እንኳ ቁጥሩን መዋሸት አይሆንለትም። «አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ ኮርቢን፤ ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ።

ዱዌን ዓይኑን ጨፈነ። ኮርቢን ከፉርጎው ወርዶ ባጁን አወለቀና ወንበሩ ላይ አኖረው።

«እነሱ ምንም አያውቁም። ጠጋኝ ነኝ ብዬ ያታለልኳቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሎሬልን አንድ ጊዜ አያት። ዝም በይ የሚል አስተያየት ነበር። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

«እውነት ነው፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ኦስትራንደር።

አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። አባቷ በዓይኑ ይለምናታል። የኮርቢን ጀርባ በሰው መሀል እየራቀ ነው። ሎሬል ወንበሩ ላይ የተተወውን ባጅ አነሳች።

«አይደለም። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቴም ዛሬ ጠዋት ነው ያወቀው።»

«ለምን?»

«ስለምወደው።»

አሮጊቷ ባጁን ከእጇ ተቀበሏት። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አሉ። «ባቡሩን ግን አልሰጣችሁም። ሐዲዱን ማን እንደሚፈትሸው ዋሽቶ ለሚነግረኝ ፓርክ የሰው ልጅ የሚሳፈርበት ነገር አልሰጥም።»

ሎሬል ሮጣ ወጣች። ኮርቢን መስታወቱን ተደግፈው ከሚያጮልቁት መሀል ቆሟል። የሆነውን ነገረችው።

«ምን አደረግሽ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ወጥቼ ነበር እኮ! አልቆ ነበር እኮ!»

«በውሸትህ ላይ ቆሜ ባቡር ልቀበል?»

«ሐዲዱስ? ሎሬል፣ ሐዲዱስ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የምታለቅሰው ለሐዲዱ ነው?»

ኮርቢን አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ሎሬል ጠበቀች። አባቷ ከመኪና ማቆሚያው ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ሄደች።

ሁለት ቀን ሲነዱ ዱዌን ነዳጅ ማደያ ላይ ካልሆነ አፉን አልከፈተም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስልኳም አልጮኸም፤ እሷም አልደወለችም።

ቅዳሜ በረዶ ጣለ። ሎሬልና አባቷ የፓርኩ መግቢያ ላይ ባለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ለኩሰው፣ ለክረምቱ የተነቀሉትን አምፖሎች እየጠረጉ ሳጥን ውስጥ ይደረድራሉ። እየጠበቅኩት አይደለም ትላለች ለራሷ። የመስኮቱን ጉም ግን አራት ጊዜ ጠርጋለች።

«አይመጣም፣ ልጄ» አለ ዱዌን። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያሳዘናትም እሱ ነው። «ምን ሊሳፈር ብሎ ይመጣል?»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ሊመሽ ሲል መኪና ቆመ። ዱዌን ተነስቶ በሩን ከፈተና መግቢያውን በትከሻው ሞላው። ሎሬል ከኋላው አምፖል እንደያዘች በትከሻው በኩል አጮለቀች።

«ለምን መጣህ?» አለ ዱዌን። «ባቡሩ ቆሟል። በጋም አይሄድም። ከዚያ በኋላ ይሂድ አይሂድ እኔም አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ አቶ ፕሪቸት።»

«እና?»

«ሎሬል አለች?»

ዱዌን ጎረምሳውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ኮርቢን እስከ ጉልበቱ በረዶ ነው፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«አለች» አለ ዱዌን። «ግባና በሩን ዝጋ፤ ብርድ እያስገባህ ነው።»

ገባ። ፊት ለፊቷ ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ያን ቀን መልስ አልሰጠኝም ብለሽ ነው የሄድሽው» አለ። «ውሸት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው። ለሐዲዱም አለቀስኩ። አሁንም ሳስበው ያስለቅሰኛል። ሦስት ሰዓት በረዶ ላይ የነዳሁት ግን ለሐዲዱ አይደለም።»

ሎሬል አምፖሉን አስቀመጠችና የቀዘቀዙ እጆቹን በሁለት እጇ ያዘች። ዱዌን ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለውን የራሱን ወንበር በእግሩ ወደ ኮርቢን ገፋለት፣ ካፖርቱን ለብሶም በረዶ ልጥረግ ብሎ ወጣ።