በግራ እጅ የሚከፈተው ሐብል

ሰሚራ ከጀናት ጋር ተጣልታ አታውቅም። ክፉ ቃል ተለዋውጠውም አያውቁም። ያን ፎቶ ካየች ወዲህ ግን የጀናት ስም በተነሳ ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ፎቶውን የላከላት ናስር ነው። ናስር ጀጎል ውስጥ፣ አባቱ በተዉለት ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ የሚሠራ የብር አንጥረኛ ነው። ሐብል የሚሠራ ሞልቷል፤ እሱን ሰው የሚፈልገው ለመቆለፊያው ነው። ከውጭ የሚመጣው መቆለፊያ ወር ሳይሞላው ይላላል። እሱ ግን የብሩን ሽቦ በጉጠት ጠምዝዞ፣ ቀጥቅጦ፣ በሞረድ አለስልሶ ስለሚሠራው፣ ሴቷ እጇን ወደ ማጅራቷ ሰድዳ፣ ሳታይ፣ ጠቅ አድርጋ ትከፍተዋለች።

ሰሚራ ደግሞ ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት አላት። ናስር የሠራውን በስልኩ እያነሳ ይልክላታል። እሷ በኮምፒውተር ጥላውን ታነሳለች፣ አቧራውን ታጠፋለች፣ የብሩን ወዝ ትመልሳለች፤ ከዚያ የፌስቡክ ገጹ ላይ ትለጥፍለታለች። ለዚህ ለዚህ እንኳ መምጣት አያስፈልገውም ነበር። ይመጣል እንጂ! አጠገቧ ቆሞ ስክሪኑን ያያል፣ እሷም ሥራዋን የምትሠራ ትመስላለች፤ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይመሻል።

ያን ዕለት የላከው ሐብል ግን ከዚህ በፊት ነግሯት የማያውቀው ነው። ሰሚራ መቆለፊያው ላይ የወደቀውን ጥላ ልታነሳ ፎቶውን አጎላችውና ክው ብላ ቀረች። የመቆለፊያው ምላስ በሌላ በኩል ነው የተሠራው። ናስር የሠራው ሁሉ በቀኝ እጅ የሚከፈት ነው፤ ይኼኛው በግራ።

ሰሚራ የምታውቃት ግራኝ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት። ጀናት! ከናስር ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ወስፌውን በግራ እጇ ይዛ ስፌት የምትሰፋው፣ ስትስቅ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ የሚያያት ጀናት።

«እጇን ሲያይ ነዋ የሚውለው!» አለች ለኮምፒውተሩ።

ወደ ማታ ናስር መጣ።

«ሐብሉ እንዴት ነው?»

«ለማን ነው?»

ጆሮው ቀላ። «ለአንዲት ልጅ ነው። ወላሂ፣ የሚሸጥ አይደለም። ገጹ ላይም እንዳትለጥፊው። አንቺ እንድታይው ብቻ ነው የላክሁት።»

«አየሁት።»

«እና?»

«እናማ ሂድልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

ናስር ግራ ገብቶት ወጣ። ሰሚራ እንዲህ እንደተቃጠለች ጁምዓ ደረሰ። ከሰላት በኋላ የናስር እናት ሐጃ ናፊያ፣ ከአፎቻ ማኅበራቸው ሁለት ሴቶች አስከትለው ቤቷ መጡ። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት የልጅቷን ልብ ማወቅ ፈልገዋል።

«ልጄ፣ ናስርን ታውቂዋለሽ» አሉ። «ምን ትያለሽ?»

ሰሚራ ስንት ዘመን የጠበቀችው ጥያቄ ነው! ምላሷ ግን አልታዘዘላትም።

«ተሳስተው ነው የመጡት፣ እናቴ። ለጀናት ይጠይቁለት። ሐብሏንም ሠርቶ ጨርሷል።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ የሰሚራ እናት፣ የሚገቡበት ጠፍቷቸው። ሐጃ ናፊያ ብድግ አሉ። ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ።

በማግስቱ ናስር ፎቶ ቤቱን በርግዶ ገባ። ተቆጥቶ አይታው አታውቅም።

«ለጀናት ሐብል ሠራ አልሽ?»

«መቆለፊያውን አላየሁትም እንዴ! በግራ የሚከፈት! ከእሷ ሌላ ግራኝ የት አለ?»

ናስር እጇን አየ። እሷም ዓይኑን ተከትላ ቁልቁል አየች። ማውሱን የያዘችው በግራ እጇ ነው።

በልጅነቷ እናቷ «በግራ ሸይጣን ነው የሚበላው» እያሉ ግራ እጇን በሻሽ እያሰሩ ነው ያሳደጓት። በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጽፋለች፤ ራሷን ከግራኝ ቆጥራ አታውቅም። ሥራ ሲይዛት ሳታውቀው በግራ እጇ እንደምትሠራ ያስተዋለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ስክሪኑን... አልነበረም እንዴ የምታየው?»

«ስክሪኑ ላይ ምን አለ? የገዛ ሥራዬን ምን ላድርገው?»

ሐብሉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰሚራ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«እናትህን አዋረድኳቸው።»

«አዋረድሻቸው። ሁለተኛ እግሬ እዚያ ቤት አይደርስም ብለዋል። እሳቸው ካልጠየቁልኝ ደግሞ ማን ይጠይቅልኛል?»

«እሳቸው ካልመጡ እኔ እሄዳለኋ!»

ሄደች። ሐጃ ናፊያ ከአፎቻቸው ሴቶች ጋር ምንጣፍ የለበሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰሚራ ጫማዋን አውልቃ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ይቅርታ ጠየቀች።

«ጀናትን ፈልገሽ ከሆነ እዚህ የለችም» አሉ ሐጃ ናፊያ።

ሴቶቹ ሳቁ። ሰሚራ ሐብሉን አወጣች፣ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ግራ እጇን ወደ ማጅራቷ ሰድዳ ቆለፈችው። ከፈተችው። መልሳ ቆለፈችው።

«በግራዋ!» አለች አንዷ።

ሐጃ ናፊያ አንገታቸውን አስግገው መቆለፊያውን አዩት።

«ይኼን ያየው ልጄ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር።»

«አባቱ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣» አሉ ሐጃ ናፊያ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ የትኛው ጉልበቴ እንደሚያመኝ ሳያውቁ ሞቱ።» ሐብሉን ደግመው አዩት። «ቀናሁብሽ፣ ልጄ።»

ከዚያ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።