ሃምሳው ሌንስ ከግድግዳው ወዲያ

«ለመታወቂያ ከሆነ ዛሬ አንሠራም፤ ሌላ ቀን ይመለሱ» አለ በስቱዲዮው በር ላይ የቆመው ሰው፣ ዓይኖቹ በለቅሶ ቀልተው።

«መታወቂያስ አለኝ» አለች መርማሪዋ። አውጥታም አሳየችው።

ሰውየው የፖሊሱን ማኅተም ሲያይ ደንግጦ ከበሩ ዞር አለ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ከሠርግ ቤት ጠፍቶ ስለማያውቅ ሁሉም «ሠርገኛው» ይሉታል። ያን ጠዋትም ሙሽሮች እያነሳ ሳለ ነበር ተደውሎለት የመጣው። ትልቁ ካሜራ እስካሁን ከአንገቱ አልወረደም።

ሟቹ ባለ ስቱዲዮው ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የኋላ በረንዳ ወድቆ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ተዘርሯል። ለፎቶ ጀርባ የሚሰቀለውን ነጭ ጨርቅ አምጥተው አልብሰውታል። መርማሪዋ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ በረንዳውን አየች። ብረቱ ከወገብ በላይ ነው። ያዳለጠው ሰው እንዲህ ያለ ብረት ይደገፋል እንጂ አያልፈውም።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ናቸው።

«የገፋችው የገዛ ልጁ ናት አሉ። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ታች ያለችው ልብስ ሰፊ ሰምታለች። ልጅቷን ላኪልኝና እንዝጋው።»

«ሬሳውን እንጂ ቤቱን ገና አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ቤቱ ምን ይነግርሻል?»

«ወጥቼ ልጠይቀዋ!»

ላይ ያለው ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ፎቶ የሚነሳበትና የሚታተምበት። ሁለቱም ወደዚያው አንድ በረንዳ የሚያወጣ በር አላቸው። በማተሚያው ክፍል የሟች ልጅ በፖሊስ ተጠብቃ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ከአባትሽ ጋር ተጣልተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«በምን?»

«በካሜራ። ሠርጉን እኔ ላንሳው አልኩት። ያለሽ ትንሿ ናት፣ በዚያች መጫወቻ ሠርግ አይነሳም አለኝ። ይነሳል አልኩት። ዛሬ ተነስቶ ቢመጣም ይነሳል ነው የምለው።» ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻት። «ንጹሕ ናት እንዲሉኝ ብዬ እዚህ ሰው ፊት አላለቅስም። የምናዘዘውም ነገር የለኝም። ደጋግመው ቢጠይቁኝ ያው ነው።»

«አባትሽ በዚህ አልፎ ወደ በረንዳው ወጥቷል?»

«ማንም አላለፈም። ማሽኑ ሲጮህ የውጪውን አልሰማም። ግን በዚህች ጥበት ክርኔን ሳይገፋ የሚያልፍ ሰው አለ?»

መርማሪዋ ክፍሉን አየችው። እውነትም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም።

በትልቁ ክፍል ውስጥ በሁለት የብረት እግሮች ላይ ከተሰቀለ ግራጫ መጋረጃ ፊት አንድ ረጅም የቆዳ ሶፋ ተዘርግቷል። የሟች ታናሽ ወንድም ከሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል። ስታናግረው ቶሎ ተነሳ።

«የሶፋ ነጋዴ ለማስታወቂያ አንሡልኝ ብሎ ነው። ሠርገኛው ትልቁን ካሜራ ስለወሰደው እኔ በትንሿ ሳነሳ ነበር። ይኸው ይዩት! ልብስ ሰፊዋ ሲወድቅ ሰማሁ ባለችበት ደቂቃ ይህችን አንስቻለሁ። ሰዓቱ ከፎቶው ጋር አለ።»

«የበረንዳው በርስ?»

«ፀሐይ እንዳይገባብኝ ከጠዋት ጀምሮ ቆልፌዋለሁ። ወንድሜ የወጣው በልጅቷ በር ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚህ በላይ ምን ልበልዎት? የወንድሜ ልጅ ናት፤ አፌ እንቢ ይለኛል።»

መርማሪዋ አፉ እንቢ ያለው የቱ ጋ እንደሆነ አልታያትም። ፎቶውን አየች። ሶፋው ከክንድ እስከ ክንዱ፣ የመጋረጃው ሁለት እግሮችም ሳይቀሩ ገብተዋል። በቀኝ ጠርዙ ላይ የደበዘዘ ጥቁር ነገር ወርዷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሌንሱ ነው። ሲያረጅ ዳር ዳሩን ያጠቁራል።»

«ሌላ ሌንስ አልነበረዎትም?»

«ሠርገኛው ሰፊ ቦታ የሚያነሱትን ይዞ ሄደ። የቀረኝ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትሩ ሌንስ፣ ሃምሳው ብቻ ነው።»

በበረንዳው በር ሥር ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል። መርማሪዋ ሠርገኛውን ጠርታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ነፍሱን ይማረውና ጋሽዬ ነው የለጠፈው። በትልቁ ካሜራና በሃምሳው ሙሉ ሶፋ ሲነሳ እዚያ ነው የሚቆመው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉም የለ።»

«ወንድማማቾቹስ እንዴት ነበሩ?»

ሠርገኛው ዞር ብሎ አየና አንሾካሾከ። «ታናሽየው ቤቱን እንሽጥ ይላል። ጋሽዬ ደግሞ ለልጄ ነው የምተወው። ሰሞኑን ሰላምታም አልነበራቸው።»

አለቃዋ ትዕግሥታቸው አልቆ ራሳቸው መጡ። ደረጃውን ወጥተው ያለከልካሉ።

«ልጅቷ የታለች? ልወስዳት ነው።»

«መጀመሪያ አንድ ፎቶ ታንሳልኝ።»

«የምን ቀልድ ነው?»

«ቀልድ አይደለም። አሁን ከወሰዷት ገዳይዋ እሷ ናት ብዬ አልፈርምም። ከሥራም ቢያባርሩኝ አልፈርም።»

አለቃው አፈጠጡባት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። በመጨረሻ ሶፋው ላይ ዘጭ ብለው፣ ከዚያ ማስረጃ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ብድግ አሉ።

ልጅቷን አመጧት። አጎቷና ሠርገኛው በግድግዳው ጥግ ቆሙ። መርማሪዋ ሃምሳው ሌንስ የተገጠመባትን ትንሿን ካሜራ ሰጠቻት።

«ፕላስተሩ ላይ ቁሚ። ጀርባሽ በሩን ይንካ። አንሺ።»

ልጅቷ አነሳች። ሁሉም ተጠጋግተው አዩ። ሶፋው ሁለቱንም ክንዶቹን አጥቷል፤ የመጋረጃው እግሮችም የሉም።

«ለምን አልገባም?» አሉ አለቃው።

«የትልቁ ካሜራ ሴንሰር ሰፊ ነው፤ ሌንሱ የሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። ፉል ፍሬም የምንለው እሱ ነው» አለች ልጅቷ። «ይቺ ክሮፕ ናት። ሴንሰሯ ትንሽ ስለሆነ ከዚያው ሌንስ መሃሉን ብቻ ነው የምትወስደው። ሙሉውን ከፈለጉ ወደ ኋላ መሄድ ነው።»

«የኋላው ግድግዳ አይደል እንዴ?»

«በርም አለው» አለች መርማሪዋ፤ ቁልፉን አዙራ ከበሩ ሁለት ተካፋቾች አንዱን ከፈተችው። «ሂጂ ወደ ኋላ።»

ልጅቷ ካሜራውን ከዓይኗ ሳታወርድ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ጀርባዋ ብረቱን እስኪነካ ድረስ። አነሳች። መርማሪዋ አዲሱን ፎቶ ከአጎትየው ፎቶ ጎን ያዘችው። የሶፋው ክንዶች፣ የመጋረጃው እግሮች፣ በቀኝ በኩል የወረደው ደብዛዛ ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ነው። ጥቁሩ ሳይከፈት የቀረው የበሩ ተካፋች ነበር።

«ሌንሱ ነው አልኩ እኮ!» ጮኸ አጎትየው።

«ሃምሳው ዳሩን የሚያጠቁረው በትልቁ ካሜራ ላይ ነው» አለች ልጅቷ። «ትንሿ ዳሩን መች አይታው! አጎቴ፣ ይህን ያስተማርከኝ አንተው ነህ።»

መርማሪዋ ረጋ ብላ ቀጠለች።

«ትልቁ ካሜራ ሠርግ ላይ ነበር፤ ሙሽሮቹ ይመሰክራሉ። እርስዎ ጋ የነበሩት ትንሿና ሃምሳው ብቻ ናቸው፤ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በእነሱ ደግሞ ይህ ፎቶ ከክፍሉ ውስጥ አይነሳም። እንደ ልማድዎ ፕላስተሩ ላይ ቆሙ፤ አልገባ ሲልዎት በሩን ከፍተው ወጡ። ስለዚህ በሩ ተቆልፎ አልዋለም፤ ወንድምዎም በልጃቸው ክፍል ማለፍ አላስፈለጋቸውም። ያመጡልኝ ሰዓትም፣ ወንድምዎ በወደቁባት ደቂቃ እርስዎ ከዚያ ብረት አጠገብ እንደነበሩ ነው የሚናገረው። ከዚያ ገብተው ቆለፉና ጣትዎን ወደ ልጅቷ ቀሰሩ።»

አጎትየው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ተከትሎኝ ወጣ» አለ በመጨረሻ። «እንሽጠው ብዬ ለመንኩት። ለልጄ ነው አለኝና ሳቀብኝ። ያቺን ሳቅ አልቻልኳትም፤ ገፋሁት።»

«እኔንስ?» አለች ልጅቷ። «እኔም ሳቅሁብህ?»

አለቃው ራሳቸው ካቴናውን አውጥተው እጁ ላይ አደረጉ፤ መርማሪዋን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

አጎትየው በፖሊስ መኪና ተወሰደ። ልጅቷም ከሠርገኛው ጋር፣ ለምርመራ የተወሰደውን የአባቷን አስከሬን ለመረከብ ወደ ሆስፒታል ሄደች።