አንዲት ፍሬ ሳትቀምስ

«አስራ ስምንት ነጥብ አራት?»

ኢንካ የስኳር መለኪያውን አራገፈችው። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ከአስር ማለፍ አልነበረበትም።

ከጫካ መመለሷ ነው። ባልዲዋ እስከ አፉ ብሉቤሪ በሚባለው ሐምራዊ የጫካ ፍሬ ተሞልቷል፤ ጣቶቿ ቀለም ውስጥ የተነከሩ ይመስላሉ። ከጠዋት ጀምራ ስትለቅም አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመሰችም። አክስቷ ማርያታ እየለቀመች በእፍኝ ስትቅም፣ እሷ ምራቋን እየዋጠች ባልዲዋ ውስጥ ስታጠራቅም ነው የዋለችው። ቁርሷን መዝና በልታለች፤ ምሳዋንም እንደዚያው። ታዲያ ይሄ አስራ ስምንት ከየት መጣ?

ቆሽቷ ሥራ ያቆመው በአስራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ በኢንሱሊን መርፌ ትኖራለች። የሚያበሳጫት መርፌው አይደለም፤ ለምዳዋለች። ሁሉን በሥርዓቱ አድርጋ ቁጥሩ ሲክዳት ነው አንጀቷ የሚያርረው። የሚጮኹበት ሰው የለም፣ የሚከራከሩት ሰው የለም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣቷን መውጋትም አያስፈልጋትም ነበር። ክንዷ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር ስኳሯን እየለካ ወደ ስልኳ፣ ከዚያም ከተማ ወዳለችው እናቷ ስልክ ይልካል። ዛሬ ግን የጥድ ቅርንጫፍ መንጭቆ ጣለው። መለዋወጫውን ደግሞ ቤት ረስታው መጥታለች።

እናቷ ቁርጡን ነግራታለች። «ቅዳሜና እሁድን ማርያታ ጋ ስኳርሽን ራስሽ ተቆጣጥረሽ ከተመለስሽ የቀዘፋ ካምፑ ትሄጃለሽ። ካልሆነ ግን እርሺው።» የክፍሏ ልጆች በሙሉ ካምፑ ይሄዳሉ። ያለ እናት፣ በየአምስት ደቂቃው «ስንት ነው?» የሚል ሳይኖር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ! የሴንሰሩን ነገር ብትናገር እናቷ ያኔውኑ መኪና አስነስታ ከች ትላለች፣ ካምፑም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ዝም አለች። እዚህ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አንዴ መጥቶ አንዴ እንደሚጠፋ እናቷም ታውቃለች።

ለአስራ ስምንት የሚበቃውን ኢንሱሊን አሰላችና ሆዷ ላይ ወጋች።

«ልጅት! ሳውናው ግሏል እኮ፣ ነይ እንጂ!» ማርያታ ሐይቁ ዳር ካለችው የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ ጮኸች። «ስኳርሽስ?»

«ስምንት!»

ውሸቱ እንዴት እንደቀለላት ራሷንም ገረማት።

«ጎበዝ! ከእናትሽ ትሻያለሽ። እሷ የመኪና ቁልፏን እንኳ መቆጣጠር አቅቷት ኖራለች።»

ኢንሱሊን እንደተወጉ ሳውና መግባት ጥሩ አይደለም፣ ሙቀቱ ያስቸኩለዋል ብላ ነርሷ ነግራታለች። ግን አስራ ስምንት ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ቶሎ ቢወርድለት ምን ይጎዳዋል? ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ማርያታ ቤት ቅዳሜ ያለ ሳውና አያልፍም። በቅዳሜ ሳውና አልገባም ብትል ማርያታ ወዲያው ትነቃባታለች።

ማርያታ በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ስትደፋበት እንፋሎቱ እስከ ጣሪያው ተነሳ። ኢንካን ላብ አጠመቃት። ሌላ ቦታ ቢሆን ላቡ ራሱ «ስኳርሽ ወርዷል» ብሎ ይነግራት ነበር። እዚህ ግን የአክስቷም ላብ እየተንቆረቆረ ነው። ቆይቶ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የማርያታ ወሬ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት። ምን እየሆነች እንዳለች አሁን ገብቷታል፤ «ወረደብኝ» ማለት ፈለገች፤ ምላሷ እምቢ አላት። በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፤ እግሯ ግን የሷ አልነበረም። እያወቀች፣ እያየች፣ ምንም ማድረግ አቅቷት ቁጭ አለች።

«ኢንካ? ምነው ዝም አልሽ? አንቺ!»

ማርያታ ጎትታ አወጣቻት። ደረጃው ላይ አስቀምጣ በፎጣ ጠቀለለቻትና ጭማቂ ይዛ በሩጫ ተመለሰች።

«ዋጪ፣ የኔ እናት። ቀስ ብለሽ። አንዴ ደግሞ፣ እሺ?» የጭማቂው እኩሌታ ፎጣው ላይ ፈሰሰ። «ስምንት ነው አላልሽኝም? አላልሽኝም እንዴ?»

ኢንካ ዓይኗን ስትገልጥ ማርያታ ጣቶቿን ሳፋ ውስጥ በሳሙና እያሸችላት ነበር። ከዚያ አድርቃ ወጋቻት። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።

የኢንካ ዓይን ግን ሳፋው ውስጥ ቀረ። አረፋው ሐምራዊ ሆኗል።

«ፍሬው ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቅድም እጄን ሳልታጠብ ነው የለካሁት። አስራ ስምንት ያለኝ ጣቴ ላይ የነበረው ጭማቂ ነው፤ የኔ ደም አይደለም።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «አንዲትም አልበላሁም እኮ፣ አክስቴ! አንዲትም!»

«አውቃለሁ» አለች ማርያታ። «ሳይሽ ነው የዋልኩት።» የአጃ ዳቦ ቆርሳ አስጨበጠቻት።

የማርያታ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት።

«አልዋሽልሽም» አለች ማርያታ ስልኩን እያቀበለቻት። «ቀድሜሽም አልናገርም።»

«ኢንካዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አይታየኝም» አለች እናቷ። «ኔትወርክ ነው፣ አይደል?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። እናቷ መልሱን አዘጋጅታ ሰጥታታለች።

«አንዴ ጠብቂኝ፣ እማ።» ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። እጇን እንደገና በሳሙና ታጠበች፣ አደረቀች፣ ወጋች።

«አራት ነጥብ አንድ» አለች ኢንካ። «ቅድም ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነበር። ሳውና ውስጥ ስኳሬ ወርዶብኝ ነበር። ኔትወርክ አይደለም፣ እማ። ሴንሰሩ ጠዋት ነው የወደቀው።»

እናቷ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲበተን ብቻ ተሰማ።

«ቁልፌ... የመኪናው ቁልፍ... የት ነው ያስቀመጥኩት?» ድምጿ ተሰብሯል።

ኢንካ ዳቦውን ጎረሰች። ሐይቁ ላይ የማርያታ ትንሽ ጀልባ ታስራ ትወዛወዛለች።

«ፍሪጁ ላይ እይው፣ እማ» አለች። «ስትመጪ ደግሞ አዲሱን ሴንሰር ያዥልኝ።»